ስሙን ያልጠራሁት ሰው

አዳማ፣ ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓመተ ምሕረት

ብዕሩን የያዘው እጅ የመሪጌታ አብተው ነው፤ ቃሉ ግን የኔ የወዬሳ ሆራ ነው። ጽሕፈቱ ቢያምር መሪጌታን አመስግኚ፣ ቃሉ ቢመርሽ እኔን ውቀሺ።

ይድረስ መተሐራ ለምትኖሪው ለቡዜ። እንዴት ከረምሽ? እኔ አለሁ። ጉልበቴ ከምድጃ እስከ ደጃፍ ያደርሰኛል፤ ጥርሴ አሁንም ቆሎ አይፈራም። ፊትሽን አይቼው ስለማላውቅ ከዚህ በላይ ሰላምታ አላበዛም።

ወረቀትሽ ማክሰኞ በባቡር መጣ። ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። ደንቁሬ አይደለም፤ መሪጌታ እየዘለለ የሚያነብ መስሎኝ ነው። «እሱ ታስሯል፣ እሱ ዋስ አጥቷል፣ እሱ አባቴን አታስቸግሪ ብሎኛል» ትያለሽ። መሪጌታ ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ «ስም ሳይቀድም እሱ አይባልም» አለኝ። በእነሱ ትምህርት ቤት እሱና እሷ፣ አንተና አንቺ «መራሕያን» ይባላሉ አለ። ምን ማለት ነው ስለው፣ መሪዎች ማለት ነው አለ። «መሪ ከሆነ ለምን ከስሙ ኋላ ኋላ ይሄዳል?» ስለው ብዕሩን ቀለም ነከረ። ይኸው አሁንም ይህን ሲጽፍ ፊቱን አጨማዷል። ጻፍ እንጂ፣ ምን ታፈጥብኛለህ!

ማን እንደሆነ እኔ አውቄያለሁ። ከእኔ አብራክ የወጣ ነው፤ ያንቺ ባል ነው። ስሙን ግን አልጠራውም። ምክንያቱን ነግሮሽ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ልንገርሽ። ሚስቴ በላይነሽ የሞተች ዕለት፣ ዛሬ አራት ዓመት፣ ሬሳዋን ከጥዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስቀምጬ ጠበቅሁት። ቄሶቹ ተቆጡ፣ ሰው አጉረመረመ። ባቡሩ ከእናንተ በኩል መጣ፣ ሰው አወረደ፣ ከብት አወረደ፣ እሱን አላወረደም። ያለን እሱ ብቻ ነበር። አፈሩ ላይ ቆሜ «ከእንግዲህ ስሙ ከአፌ አይወጣም» ብዬ ማልኩ። የማልኩት በእሷ አጥንት ነው። በእንዲህ ያለ ነገር የማለ ሰው አፉን ይጠብቃል።

ዋስ የሚሆን ሰው ደግሞ ስም መጥራት አለበት። ስለዚህ አልሆንም። ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ።

ይበላል ወይ? የታሰረው በሰንሰለት ነው ወይስ በገመድ? የሚያበላውስ ማነው? ይህን የምጠይቀው እንዲያው ለነገሩ ነው። ያን ዕለት ለምን እንዳልመጣ ካወቅሽ ደግሞ እሱንም ጨምሪበት።

ወዬሳ ሆራ


መተሐራ፣ ኅዳር ፳፬ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓመተ ምሕረት

የምጽፈው እኔ ሮማነወርቅ ነኝ፤ የሐዲድ ጠባቂው ሚስት። ፊደል ያስቆጠሩኝ ቄስ አባቴ ናቸው። ቡዜ አጠገቤ ተቀምጣ ትናገራለች። በፖስታው ላይ ስምዎን የጻፍኩት ከጣቢያው ሰው ጠይቄ ነው፤ እሷ ከአፏ አላወጣችውም። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው።

አባኮ፣ አባቴ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ዋለ? ፊትዎን ሳላይ፣ ደጅዎን ሳልረግጥ በወረቀት ስላነጋገርኩዎ ይቅር ይበሉኝ። መልስ ይልካሉ ብዬም አላሰብኩም ነበር፤ የባቡሩ ሰው ፖስታውን ሲያወጣ ሮጬ ተቀበልኩት።

ስም ሳትጽፊ ብለው ተቆጡኝ። በእኔ አባት አገር ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ የባሏንም አትጠራም። እናቴም አልጠራችም። ራቅ ካለ አጨበጭባለሁ፣ እሱ ይዞራል። ሮማነወርቅ ትስቅብኛለች፤ «ገበያ መሀል ብታጨበጭቢ የስንቱ ሰው ባል ይዞርብሻል?» ትለኛለች። እኔ ሳጨበጭብ ግን የሚዞረው እሱ ብቻ ነው።

በሰንሰለት አይደለም የታሰረው። በቁራኛ ነው። የእሱ ነጠላ ጫፍ ከከሳሹ ከጂብሪል ኩታ ጫፍ ጋር ተቋጥሯል፤ ፍርድ እስኪሰጥ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ይተኛሉ። ጂብሪል ባለ ግመል ነው፤ እሱ የጂብሪል ግመል ጠባቂ ነበር። በጥቅምት አንዲት ግመል ጠፋች። በፈንታሌ ተራራ ሥር ያለውን ጥቁር ድንጋይ ያውቁት እንደሆነ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ አገሩ በሙሉ ውሃ ይመስላል። ግመሏ ወደዚያ ውሃ ገባች፣ እግሯ ሲቀጥን፣ አንገቷ ሲረዝም፣ ከዚያ እንደ ጭስ ስትሆን አየኋት ይላል። ተከትሎ ሮጠ፤ ድንጋይ ብቻ ነበር። ጂብሪል ደግሞ «ሸጠሃታል» ይላል። እኔም ቀትር ላይ ወደዚያ ሳይ አንዳንዴ አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። እሷ ትሁን ሌላ አላውቅም።

የማበላው እኔ ነኝ። ሁለቱንም ባንድ ገበታ አበላለሁ፤ ለየብቻ ባቀርብ ነጠላው አያደርሳቸውም። ጂብሪል እስላም ስለሆነ ሥጋ አልሠራም፤ ሽሮ ነው፣ አንዳንዴ ገንፎ። ጂብሪል «ጨው አነሰው» ይለኛል። እሱ «ከሳሼ ሆይ፣ ዝም ብለህ ጉረስ» ይለዋል። ጂብሪል ሲሰግድ እሱ ጎንበስ ብሎ ይጠብቀዋል። ባለፈው ሲስቁ ሰማኋቸው። ግመሏ ግን እንደ ጠፋች ናት፣ ክሱም እንዳለ ነው።

ዳኛው እንዲህ አለ፤ «ይህ ሰው ለአገሩ እንግዳ ነው። አባቱን የሚያውቅ የለም። ሥር የሌለውን ሰው በዋስ አልለቅም። አባቱ ቀርቦ፣ መቅረብ ካልቻለም ቃሉን በምስክር አስጽፎ፣ ስሙን ጠርቶ ልጄ ነው፣ ቢጠፋ እኔን ጠይቁ ይበል። እስከ ጥር ሃያ አንድ ካልመጣ በሰንሰለት ወደ በላይ ዳኛ እልከዋለሁ።» ባለፈው ዓመት ወደዚያ ከተላኩት ሦስት ሰዎች አንዱም አልተመለሰም፤ በንዳድ አለቁ ይባላል።

ያን ዕለት ለምን እንዳልመጣ ጠይቀውኛል። እንዳልናገር ከልክሎኛል። ስለዚህ አልመልስም፤ በዚህም ይቅር ይበሉኝ።

ቡዜ


አዳማ፣ ታኅሣሥ ፲፩ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓመተ ምሕረት

እጁ አሁንም የመሪጌታ ነው። ሰሞኑን ጣቱ ቆስሎ ነበርና ፊደሉ ቢያነክስ እኔ አላነከስኩም።

ቡዜ፣ እንዴት ነሽ? ሽሮውን ጨው ጨምሪበት። ከሳሽ ነው አትበይ፤ ከሳሽም ቢሆን የሚበላው እኔ ከወለድኩት... ተወው፣ ይህን አትጻፈው። ጻፍከው? እንግዲያው ይቀመጥ።

መሪጌታ ስለ ቁራኛው ሲያነብልኝ ደስ አለው፤ ለብቻው ሳቀ። «ይኸው! እሱ የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። ከስም ጋር በቁራኛ ተቋጥሮ ይሄዳል እንጂ ብቻውን ካገኘኸው ካሳሪው ያመለጠ ነው» አለኝ። በሰው ልጅ መታሰር ትምህርት ታገኛለህ ወይ ብዬ ተቆጣሁት። አፈረ። ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም። አራት ዓመት ሙሉ እሱ፣ እሱ እላለሁ፤ ከምን ጋር ቋጥሬው ነው?

ቀትር ላይ እተኛለሁ። የአዳማ አቧራ በዚህ ወር ሲነሣ ቤቱ ውስጥ ሁሉ ቢጫ ብርሃን ይሆናል፤ ሰው ነቅቶ ይሁን ተኝቶ አይለይም። በላይነሽ ትመጣለች። አትቀመጥም። በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን ዓይኗ ላይ ጋርዳ፣ ሜዳውን እያየች ትጣራለች። ስትጣራ አፏ ሲከፈት አያለሁ፤ ስሙ ጋ ስትደርስ ባቡሩ ያፏጫል። ፉጨቱ ሲያበቃ እሷም ጨርሳለች። ነገ ደግሞ እንዲሁ ነው። ባቡሩ ግን በዚያ ሰዓት አያልፍም፤ የጣቢያውን ሰው ጠይቄያለሁ።

አሁን ስሚ። መላ አግኝቻለሁ፤ ያገኘሁትም ብቻዬን ነው፤ ፊደል የቆጠረው ሰው አላገኘውም። እኔ የማልኩት በላይነሽ ስትጠራው በኖረችው፣ እኔም ባወጣሁለት ስም ላይ ነው። ቄሱ በተጠመቀ ቀን በሰጡት በክርስትና ስሙ ላይ አልማልኩም። ያን ስም ብጠራ መሐላዬ አይነካም፣ ልጁም ይፈታል። ስለዚህ ለዳኛው ሌላ ወረቀት አስጽፌያለሁ፤ «ወልደ ሐና ልጄ ነው፣ ዋስ ነኝ» ይላል። አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ፤ መሪጌታ ምስክር ነው። ጎረቤቴ መርጋ ዓርብ በባቡር ይዞት ይመጣል። መርጋ ብዙ ይበላል፤ አትታዘቢው።

መሪጌታ «ይህ ነገር ይሆናል ወይ፣ ወዬሳ?» ይለኛል። ይሆናል። እግዚአብሔር የሚያውቀው በዚያ ስም አይደለም ወይ? እግዚአብሔር ካወቀው የመተሐራ ዳኛ ምን ቁርጥ አድርጎት ነው የማያውቀው!

ወዬሳ ሆራ


መተሐራ፣ ታኅሣሥ ፳፯ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓመተ ምሕረት

እኔ ሮማነወርቅ ነኝ የምጽፈው። ቡዜ ዛሬ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች፤ የቀረ ነገር ካለ የኔ ጥፋት ነው።

አባኮ፣ እንዴት ዋሉ? እኛ በሕይወት አለን። መርጋ እንዴት አድርጎ እንደነገርዎ አላውቅም። ከእርስዎ ቁጣ ሸሽቶ አሳጥሮ ነግሮዎት ይሆናል። እኔ ያየሁትን ልንገርዎ።

ችሎቱ በግራሩ ሥር ነበር። መርጋ ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጠ። የዳኛው ጸሐፊ ተነሥቶ «ወልደ ሐና!» ብሎ ተጣራ። ማንም አልተነሣም። ሁለተኛ ተጣራ። አንዲት ዶሮ ከግራሩ ሥር ሸሸች፤ ሰው ሳቀ። ሦስተኛ ሲጣራ ጂብሪል ቆመ፤ ሲቆም እሱም ተጎትቶ ቆመ። ጂብሪል «ጌታዬ፣ ከእኔ ጋር የተቋጠረው ሰው እንዲህ አይባልም። ሁለት ወር ስተኛም ስነሣም አብሬው ነኝ፤ ይህን ስም ሰምቼው አላውቅም» አለ። ዳኛው ወደ እሱ ዞሮ «ስምህ ነው ወይ?» አለው።

አዎ ቢል ይፈታ ነበር። አባኮ፣ አንድ ቃል ነበረች የቀረችው። እሱ ግን «አባቴ ሲጠራኝ የኖረው በዚህ አይደለም። አባቴ በጎን ዞሮ የሚያስፈታው ሰው እኔ አይደለሁም» አለ። መርጋ «እኔ ስሙን አውቀዋለሁ፣ እኔ ልጥራው» ብሎ ለመነ። «አንተ አባቱ ነህ?» ተባለ። ዳኛው ወረቀቱን መለሰ።

ማታውኑ ተጣላሁት። «ምን አለ እሺ ብትል?» አልኩት። ጂብሪል እንኳ ከእኔ ጋር ሆኖ «ምን አለ እሺ ብትል?» አለው። «እናንተ አባቴን አታውቁትም፣ እኔም ልጁ ነኝ» አለን። ይህ ለእርስዎ ትርጉም ያለው ነገር ይሆን?

አሁን የከለከለኝን ልናገር ነው። ይቆጣኝ። እናቱ ባረፉ ዕለት የባቡሩ ሰው መርዶውን ይዞለት መጣ። ባቡሩ ቆሞ ነበር። አንድ እግሩን አሳፍሮ ሳለ አዋላጇ እየሮጠች ደረሰችበት። እኔ ምጥ ከያዘኝ ሦስተኛ ቀኔ ነበር፤ «ሁለቱም ሊሄዱብህ ነው» አለችው። ወረደ። ባቡሩ ሄደ። እኔ ተረፍኩ፣ ልጅቱም ተረፈች። በሦስተኛው ቀን መጥቶ በርዎ ላይ ውሎ ነበር፤ አልተከፈተለትም። ተመልሶ «ይህን ለአባቴ እንዳትነግሪ። ልጅ አሳይቼ ይቅርታ አልለምንም» አለኝ።

ስሟ ዲንቄ ነው። አራት ዓመት ሞላት። አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኛል፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እኔ አባቷን እሱ እላለሁ፤ ሌላ ስም ከአፌ ሰምታ አታውቅም። እሷም እሱ ነው የምትለው። «እሱ መጣ! እሱ፣ እሸት አምጣልኝ!» ትላለች። ትናንት የዳኛው ጸሐፊ አገጯን ይዞ «የማን ልጅ ነሽ?» አላት። «የእሱ» አለችው። «እሱ ማነው?» አላት። ዞራ እኔን አየችኝ። እኔም መናገር አልቻልኩም።

ጥር ሃያ አንድ ቅርብ ነው።

ቡዜ


አዳማ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓመተ ምሕረት

ይህን የሚጽፈው የመሪጌታ አብተው እጅ ነው፤ ዛሬ ግን አንዲት ቃል እንዳይጨምር፣ አንዲት ቃል እንዳይቀንስ በመስቀሉ አስምዬዋለሁ።

ምራቴ ቡዜ፣ እንዴት ነሽ? ልጅቱ እንዴት ናት? ሳል አላት ወይ? የዚያ አገር ሙቀት ለሕፃን አይሆንም።

ወረቀትሽ ሲነበብ ተቆጥቻለሁ። ዋሽቼ አልተቆጣሁም አልልም። ባቡር በየቀኑ ያልፋል፤ «ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው» የምትል አንዲት ቃል በሰው አፍ መላክ ያቅታል ወይ ብዬ በዘንጌ መሬቱን ደበደብኩ። መሪጌታ እስክጨርስ ቆየና «በሦስተኛው ቀን ይዞት የመጣው ቃል ያ ይሆን ነበር» አለኝ። በሩን አልከፈትኩም። ውጭ ቆሞ ሲስል ሰምቼዋለሁ። የእሱ ሳል እንደሆነ አውቄ አልከፈትኩም። ይህን መሪጌታ አይደለም የተናገረው፤ እኔ ነኝ። ጻፈው።

ከዚያ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። የነገርሽኝ የልጅቱ ነገር ነው ያስቸገረኝ። እኔ አባቴን ሆራን እቆጥራለሁ፣ የሆራን አባት መርዳሳን እቆጥራለሁ፣ ከዚያም በላይ ሰባት ድረስ ሳልተነፍስ እወጣለሁ። አባቴ ከብት እየጠበቅን ያስቆጥረኝ ነበር፤ አንዱን ከዘለልኩ ከመጀመሪያው ያስጀምረኝ ነበር። እንግዲህ ዲንቄ ስታድግ እንዴት ልትቆጥር ነው? ዲንቄ፣ እሱ፣ ወዬሳ፣ ሆራ ልትል ነው? አንቺ በወግሽ አትጠሪውም፤ እንደ እናትሽ ነሽና አልፈርድብሽም። እናቱ ሞታለች። እኔ በመሐላዬ አልጠራውም። ታዲያ ማን ሊጠራው ነው? ጂብሪል?

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። መሐላ ማፍረስ ቀላል አይደለም አሉኝ። ቀላል ነው አላልኩም አልኳቸው። አርባ ቀን ጾም፣ በቀን አርባ ስግደት ሰጡኝ። «ጉልበትህ ይችላል?» አሉኝ። «ጉልበቴ ምን አገባው፣ ያጠፋው አፌ ነው» አልኳቸው። ከዚያ ወደ በላይነሽ መቃብር በመርጋ በቅሎ ሄድኩ። ሣሩ አድጓል። ያልኳትን አልነግርሽም፤ የሁለታችን ነው።

እንግዲህ ጻፍ መሪጌታ፣ ይህ ለዳኛው የሚነበብ ነው፤ በወፍራሙ ጻፈው።

ዳኛው ይስማ፣ ከሳሹም ይስማ። ገርባ ልጄ ነው። ገርባ ወዬሳ። ከበላይነሽ የወለድኩት ነው። የገርባ ዋስ እኔ ወዬሳ ሆራ ነኝ። ገርባ ቢጠፋ እኔን ጠይቁ። ገርባ ሸጥኩ ካላለ አልሸጠም፤ ገርባ ሲዋሽ ዓይኑን ያርገበግባል፣ ከሕፃንነቱ ነው፤ ዳኛው ዓይኑን ይየው።

መሪጌታ ብዕሩን አንሥቶ «ስሙን አንዴ ካልን ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ እሱ እያልን ብንሄድ ያምራል» ይለኛል። አያምርም። አራት ዓመት ሙሉ እሱ ብዬዋለሁ። በያለበት ገርባ ብለህ ጻፍ። ይደጋገም። ቀለም ካነሰህ እገዛለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ለዳኛው አይደለም።

ገርባ፣ አባትህ ነኝ። አንተ በሩ ላይ የቆምክ ጊዜ እኔ ከውስጥ ቆሜ ነበር። መቀመጥም አልቻልኩ፣ መክፈትም አልቻልኩ። ስትሄድ በቀዳዳ አይቼሃለሁ፤ ከስተህ ነበር። ሁለት ነፍስ ልታድን ከባቡሩ መውረድህ ደግ ነው። ቢሆንም ልትነግረኝ ይገባ ነበር፤ ይህን አልተውልህም፣ ስትመጣ እንነጋገርበታለን። የክርስትና ስምህን ሲጠሩ አለመነሣትህን ሰምቼ ዘንጌን ወረወርኩ። ቆይቼ አንሥቼ ሳቅሁ። ከእኔ ሌላ ከማን ልታመጣው ነው!

ስትፈታ ሚስትህንና ልጅህን ይዘህ ና። ጂብሪል መምጣት ቢፈልግ ይምጣ፤ ያን ያህል ጊዜ ባንድ ገበታ የበላችሁ ናችሁ። በሩን ክፍት አድርጌ እጠብቃችኋለሁ፤ አቧራው ይግባ።

መርጋ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ደጅ ቆሟል፤ ባቡሩ ሊደርስ ነው ይለኛል። ይቆይ። መሪጌታ፣ ወረቀቱን ከማጠፍህ በፊት አንብብልኝ። በቀስታ። ለራስህ አይደለም፣ ጮክ ብለህ፤ ስሙ ጋ ስትደርስ ደግሞ ትንሽ ቆም በል።